የ70ዎቹን ፊልሞች ድሬዳዋ ላይ እንዴት እናሳይ?

(ድሬዳዋ ላይ ለፊልም ወዳጆች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ፈረንጆቹ 70ዎቹ ፊልሞች ነው፤ ከ1970 እስከ 1979 ስለተሠሩት። በእኛ ከ1962 እስከ 1972 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ «በእኛ» ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፤ ፊልሞቹን ስትፈልጉ የምታገኟቸው በዚያው ቁጥር ነውና።

የዚህን ዘመን ፊልም ለወጣት ስታቀርቡ የምትሰሙትን መልስ ታውቁታላችሁ። «ይጨልማል»፣ «ድምፁ አይሰማም»፣ «አያልቅም እንዴ አቦ!»። ቅሬታው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨልመው እኛ አዳራሽ ውስጥ ነው። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለትልቅ ሸራ፣ ለድፍን ጨለማና ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ነው። በመስኮቱ ብርሃን እየገባ፣ ምስሉ ተለጥጦ፣ ድምፁ በብሉቱዝ ስፒከር ሲታዩ ማንም ቢሰለች አይፈረድበትም። ስለዚህ የምወዳቸውን ፊልሞች ከነማሳያቸው ነው ይዤ የመጣሁት፤ ለምን እንደተመረጡ፣ እዚህ ከተማ ቅዳሜ ማታ ሲታዩ ምን እንደሚፈልጉ፣ የት ላይ እንደሚበላሹ።

በ«ጎድፋዘር» እንጀምር። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ያዘጋጀው፣ በ1972 የወጣ፣ 175 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው። የካሜራ ባለሙያው ጎርደን ዊሊስ ሲሆን በሙያው ሰዎች ዘንድ «የጨለማው ልዑል» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ዊሊስ መብራቱን ከተዋናዮቹ አናት በላይ ሰቀለው። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ግንባርና ጉንጭን ያበራና ዐይንን ጉድጓዱ ውስጥ ይተወዋል። ማርሎን ብራንዶ ላይ የተፈለገውም ይኸው ነው፤ የማፊያው አለቃ ዶን ቪቶ ምን እንደሚያስብ ከዐይኑ እንዳይነበብ።

የመጀመሪያውን ትዕይንት አስታውሱት። የቀብር አስፈጻሚው ቦናሴራ ፊቱ ብቻ ከጥቁር ውስጥ ወጥቶ ስለ ልጁ ይናገራል። ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ። መጨረሻ ላይ ከፊት ለፊት የጠረጴዛው ጠርዝ፣ የዶኑ ትከሻና እጁ ብቅ ይላሉ። ከዚህ የተሻለ የአዳራሽ መፈተኛ አላውቅም። ሰው ሳይገባ መጋረጃውን ዘግታችሁ ይህቺን ቁራጭ አጫውቱ። ትከሻው ከዙሪያው ጥቁር ተለይቶ ከታየ ደህና ናችሁ። ሁሉም አንድ ጥቁር ክምር ከሆነ ፕሮጀክተሩ ላይ «ብራይትነስ» የሚለውን አንድ አንድ ነጥብ ከፍ አድርጉ፤ ጥቁሩ ግራጫ መሆን ሲጀምር አንድ ነጥብ መልሳችሁ እዚያው ተዉት። «ኮንትራስት» የሚለው ደግሞ የነጩን ጫፍ የሚወስን ነው። እሱን ለማየት ወደ ሠርጉ ግቢ ዝለሉ፤ የሙሽራዋ የኮኒ ነጭ ቀሚስ ላይ የጨርቁ እጥፋት መታየት አለበት። እጥፋቱ ጠፍቶ ነጭ ሜዳ ከሆነ ኮንትራስቱ በዝቷል። ከቀለም ምርጫዎቹ ውስጥ «ዳይናሚክ» ወይም «ቪቪድ» የሚሉትን አትንኩ፤ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለው ላይ አድርጉት። ዳይናሚኩ ብርሃን ለማብዛት ሲል ቀለሙን ወደ አረንጓዴ ይገፋዋል፤ የዊሊስ ቢጫና ቡናማ እዚያው ያልቅለታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፕሮጀክተሩን ይወቅሳል። በመጀመሪያ መወቀስ ያለበት ግን በር ነው። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር የሚከፈተው በር ከሸራው ፊት ለፊት ከሆነ የኮሪደሩ መብራት ቀጥታ ሸራው ላይ ያርፋል። በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ድርብ ጥቁር ጨርቅ፣ ወለል እስኪነካ፣ ስቀሉ። ከዚያ የላፕቶፑ ስክሪን፣ የማከፋፈያው ቀይ መብራት፣ የስልክ ባትሪ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በፕላስተር ወይም በካርቶን ሸፍኑ፤ የስልኩን ግን መለመን ነው።

የብርሃን መጠን ሲነሣ «ባሪ ሊንደን» ይከተላል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 ያወጣው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚሄድ ፊልም ነው። የሻማ ትዕይንቶቹን በሻማው ብርሃን ለመቅረጽ ዛይስ ለናሳ ሠርቶት የነበረ ሌንስ አመጣ፤ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀዳዳው ኤፍ 0.7 የሚከፈት። ይህን ያህል የተከፈተ ሌንስ ጥራት የሚሰጠው ለጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ተዋናይ ወደ ፊት ዘንበል ካለ ይደበዝዛል። በሻማው ገበታ ዙሪያ ያሉት ሰዎች እንደ ሥዕል ረግተው የሚቀመጡት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙ ሲወጣ ኩብሪክ ለፕሮጀክተር ሠራተኞች ደብዳቤ ላከ። ሸራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ15 ፉት ላምበርት (የሸራ ብርሃን መለኪያ ነው) እንዳያንስ፣ ከ18 እንዳይበልጥ፣ የምስሉ ወርድም ለቁመቱ 1.66 እንዲሆን፣ ቢብስ 1.75 ላይ እንዲያበቃ አሳሰበ።

15 ፉት ላምበርት ማለት ለእኛ ምን ማለት ነው? ሂሳቡ ቀላል ነው። የሸራችሁን ስፋት በካሬ ጫማ አውጡና በ15 አባዙት፤ የሚያስፈልጋችሁን ሉመን፣ ፕሮጀክተሩ የሚያወጣውን የብርሃን መጠን፣ ይሰጣችኋል። 4 ሜትር ወርድና 2.25 ሜትር ቁመት ያለው ሸራ 9 ካሬ ሜትር ነው፤ 97 ካሬ ጫማ ገደማ። ስለዚህ 1,450 ሉመን ይበቃዋል። ካርቶኑ ላይ 3,000 ሉመን የሚል ፕሮጀክተር ያንን የሚሰጠው በዚያው በተከለከለው ዳይናሚክ ላይ ነው፤ ሲኒማ ላይ ሲደረግ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። አምፖሉ እያረጀ ሲሄድ ደግሞ ይቀንሳል። እንግዲህ 3,000 የተባለው ለ4 ሜትር ሸራ ልኩ ነው። «ትልቅ ይሁንልን» ብላችሁ 6 ሜትር ብታደርጉት ስፋቱ ከ20 ካሬ ሜትር ያልፋል፣ ፍላጎቱ 3,270 ሉመን ይደርሳል፣ እናንተ ግን ያላችሁ ግማሹ ነው። የሻማው ፊልም ያን ጊዜ ጭስ ይሆናል። ሸራ ማሳነስ ክብር አይነካም።

ሸራውን አቡጀዴ ብታደርጉት ነጠላው ብርሃን ያሳልፋል፤ ከኋላ የቆመ ልጅ ፊልሙን ገልብጦ ያየዋል ማለት ነው። ሁለት ድርብ ሰፍታችሁ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አልብሱት፤ ስፌቱ መሀል ላይ እንዳይወድቅ። ግድግዳ ከሆነ የማያብለጨልጭ ነጭ የውሃ ቀለም ሁለት እጅ ይቀባ። የዘይት ቀለም የፕሮጀክተሩን ብርሃን መልሶ እንደ መስተዋት ይረጨዋል፣ መሀሉ ያበራል፣ ዳሩ ይጨልማል። ፕሮጀክተሩ በሸራው ወርድ 1.5 ጊዜ ያህል ይርቃል፤ ለ4 ሜትር 6 ሜትር፤ የእናንተው ሞዴል ስንት እንደሚል መመሪያው ላይ እዩ። ቁመቱንና አቅጣጫውን በጠረጴዛና በሽብልቅ አስተካክሉ እንጂ «ኪይስቶን» በሚለው አትጠግኑት፤ እሱ ምስሉን ቀርጦ ነው ቀጥ የሚያደርገው።

አሁን ወደ ምስሉ ቅርጽ። ከ70ዎቹ ፊልሞች ላይ የሚፈጸመው ትልቁ በደል እዚህ ነው ባይ ነኝ።

«ኤንተር ዘ ድራገን» 1973። ብሩስ ሊ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በዚያው ዓመት ጁላይ 20 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አረፈ። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያላየው የለም፤ ግን አብዛኛው ሰው ያየው ግማሹን ነው። ፊልሙ የተቀረጸው ወርዱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ ሆኖ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ 1.33 ነው። ቴሌቪዥኑን እንዲሞላ ሲባል ግራና ቀኙ ሲቆረጥ ከምስሉ 43 ከመቶው ይጠፋል። የመጨረሻው የመስተዋት ክፍል ውጊያ ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የትዕይንቱ ነገረ ሥራ ሁሉ ከእውነተኛው ሰው ጎንና ጎን የቆሙት ነጸብራቆች ናቸው፤ ተመልካቹም ብሩስ ሊም የቱ ጠላቱ ሐን እንደሆነ እንዲጠፋቸው። ጎኑ ሲቆረጥ ነጸብራቁ ይሄዳል፣ የሚቀረው ሁለት ሰው ይደባደባል። ሙሉውን ቅጂ 4 ሜትር ሸራ ላይ ስታሳዩት ምስሉ 1.70 ሜትር ቁመት ብቻ ይኖረዋል፤ ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል። ይቅር። «ለምን አይሞላም?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሪሞቱን ብቻ አትስጡት።

«ጆውስ»ም 1975፣ እንዲሁ 2.35 ነው። ስፒልበርግ ለቀረጻው 55 ቀን ይዞ 159 ቀን ፈጀበት፤ የሻርኩ ማሽን በጨው ውሃ እየተበላሸ። ማሽኑ ስላልሠራ ሻርኩን በካሜራው እይታ፣ ውሃ ላይ በሚጎተቱ ቢጫ በርሜሎችና በጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታ ተካው። ሻርኩ ፊት ለፊት በደንብ የሚታየው ፊልሙ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ፍርሃቱ ያለው ሰፊው ውሃ ላይ ነው፤ የምስሉን ግራና ቀኝ ስትቆርጡ የምትጥሉት ያንን ባሕር ነው። ድሬ ባሕር የላትም፤ ግን በሐዲድ ከጅቡቲ ጋር የተሳሰረች ከተማ ናትና ይህ ፊልም እዚህ ሰው ያጣል ብዬ አላስብም።

ተቃራኒው ጥፋት በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ ይፈጸማል። አብዮቱ በፈነዳበት በ1974፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች የተሠራ፣ 150 ደቂቃ የሚሄድ ፊልም ነው። ቅርጹ 1.33 ነው፤ 4 ሜትሩ ሸራ ላይ 3 ሜትር ይይዛል፣ ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል። «ይሙላ» ተብሎ ሲለጠጥ ሰውም በሬውም በሲሶ ይወፍራል። ጪሰኛው ገበሬ ወፍሮ ታየ ማለት ፊልሙ ዋሸ ማለት ነው። ላፕቶፑም ፕሮጀክተሩም ላይ «አስፔክት» የሚለውን ፈልጋችሁ «ኦሪጅናል» ወይም «ኖርማል» ላይ አድርጉ፤ አንዱ ብቻ ከተስተካከለ ሌላው ይለጥጠዋል። የ16 ሚሊው ጥራጥሬ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ የፊልሙ ሥጋ ነው። ፕሮጀክተሩ ላይ ያለው «ኖይዝ ሪዳክሽን» ጥራጥሬውን ሲጠርግ የፊት ሽብሽቡን አብሮ ይጠርገዋልና አጥፉት። ፊልሙን የማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽን አስጠግኖታል፤ የምትፈልጉት ያንን ቅጂ ነው።

ድምፁ ላይ ደግሞ ረጋ ብለን እንቆይ።

ወደ «ጎድፋዘር» ልመልሳችሁ፤ ብሮንክስ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት። የዶኑ ልጅ ማይክል ከጠላታቸው ከሶሎዞና ከፖሊስ አዛዡ ማክለስኪ ጋር ይቀመጣል። ሙዚቃ የለም። ሶሎዞ በጣልያንኛ ያወራል፣ ማይክል ሽጉጡን ከመጸዳጃ ቤት አውጥቶ ተመልሷል፣ ካሜራው ፊቱ ላይ ነው። የባቡር ድምፅ ይመጣል። ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ፍሬኑ ሲጥ ይላል፣ ንግግሩን ይውጠዋል። ባቡሩ አይታይም። ያንን ድምፅ ያስገባው የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች ነው። የባቡር ከተማ ሰው ሲጥ የሚል ፍሬን ምን እንደሆነ ማስተማር አያሻውም፤ ትዕይንቱን ከማንም በላይ መረዳት ያለበት የድሬ ተመልካች ነበር። ግን ስፒከሩ «ባስ ቡስት» ላይ ከተደረገ ባቡሩ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል፤ ቮልዩሙ ከአቅሙ በላይ ከሄደ ደግሞ ይሰነጠቃል። በዚህ ትዕይንት ፈትኑት፤ ባቡሩ ጣሪያ ሲነካ የፍሬኑ ፉጨት ጥርት ብሎ ከተሰማ ልኩ ላይ ናችሁ።

ያ ዘመን በአብዛኛው የሞኖ ነው፤ አንድ የድምፅ መስመር፣ ከሸራው ኋላ ካለ ስፒከር የሚወጣ። ስለዚህ «ሰራውንድ»፣ «ስቴሪዮ ዋይድ» የሚሉትን ሁሉ ዝጉ፤ ንግግሩን ከአፉ ነቅለው አዳራሹ ውስጥ ይበትኑታል። ሁለት ስፒከር ካላችሁ ሁለቱንም ከሸራው ግራና ቀኝ አስጠግታችሁ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ አድርጉ። አንድ ብቻ ከሆነ ከሸራው ሥር መሀል ላይ። ከኋላ ስፒከር አታስቀምጡ። ቀጭኑን ድምፅ፣ «ትሬብል» የሚባለውን፣ በጣም አትጨምሩ፤ የድሮው ትራክ ላይ ብዙ የለም፣ የምታወጡት የቴፑን ሽውታ ነው።

ንግግር አይሰማም ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ግድግዳው ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ከተመለሰና ከቆየ፣ ያ ማለት እያንዳንዱ ቃል ቀጣዩን ይሸፍነዋል። የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት አዳራሽ ሁሉ እንዲህ ነው። ከሸራው ፊት ለፊት ያለው የኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉ። ብርድ ልብሱ ቮልዩም ከመጨመር የበለጠ ይሠራል።

ብሉቱዝን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ አትጠቀሙ። ድምፁን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ ያዘገየዋል፤ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። በኬብል አገናኙ። ግድ ከሆነ ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ «ጄ» እና «ኬ» ፊደሎች ድምፁን በ50 ሚሊ ሰከንድ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያንቀሳቅሱታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ሁለት ፊልሞች አሉ፤ ድምፃቸው የተበላሸ የሚመስል፣ ግን ያልተበላሸ። አንዱ የኮፖላው «ዘ ኮንቨርሴሽን» ነው፤ በ1974 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደ። ሰው የሚሰልል የድምፅ ባለሙያ ታሪክ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ላይ በሚጀምረው ትዕይንት ንግግሩ እየተቆራረጠ በኤሌክትሮኒክ ጩኸት ይዋጣል። ይህን ሰምቶ ጃኩን ነቅሎ የሚሰካ አለ። ተዉት፤ ሆን ተብሎ ነው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ተኩል ያንን የተቆራረጠ ዓረፍተ ነገር ስለ ማጽዳት ነው።

ሌላው የሴኔጋሉ ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1973 የሠራው «ቱኪ ቡኪ» ነው። ሞሪና አንታ ከዳካር በመርከብ ፓሪስ ለመግባት ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ የለም፤ ሞተር ሳይክሉ ላይ የበሬ ቀንድ ታስሯል። የጆሴፊን ቤከር የፓሪስ ዘፈን እየደጋገመ ይመጣል። ድምፅና ምስል እዚህ ፊልም ላይ ሆነ ተብሎ ይለያያሉ፤ የምታዩት አንድ ቦታ፣ የምትሰሙት ሌላ ቦታ ነው። «ጄ» እና «ኬ»ን እዚህ ላይ የነካ ፊልሙን ያበላሻል። በባሕር ስለ መሰደድ በየቤቱ በሚወራበት አካባቢ ይህን ፊልም የሚበልጥ ምርጫ አላውቅም፤ ከሁሉም አስቀድሜ የማስቀምጠው እሱን ነው። አንድ ነገር ግን ከማሳየታችሁ በፊት ተናገሩ፦ መጀመሪያው ላይ እውነተኛ የቄራ እርድ አለ፣ ረዘም ያለ። ሕፃናት የያዘ ሰው ይወቅ።

«ሾሌይ»ን ማን ይረሳል! ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው፣ ኦገስት 15 ቀን 1975 የወጣ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚሄድ። የሕንድ ፊልም ዘፈን ቃሉን ሳያውቅ የሚያንጎራጉር ሰው ድሬም ሐረርም አይጠፋም፤ ስለ አሚታብና ስለ ዳርሜንድራ ማብራራት ትርፍ ነው። የማይነገርለት ድምፁ ነው። በ35 ሚሊ ተቀርጾ ወደ 70 ሚሊ የተገለበጠ፣ ስቴሪዮ ድምፅ የተሠራለት ፊልም ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የሞኖ ሕግ ለእሱ አይሠራም፣ ሁለቱን ስፒከሮች ለይታችሁ ክፈቱለት። ሽፍታው ጋባር ሲንግ የታኩርን ቤተሰብ በሚፈጅበት ትዕይንት የዥዋዥዌው ሲጥ ሲጥ ማለት አለ። ያ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ባስ በበዛበት አዳራሽ አይሰማም፣ ትዕይንቱም ተራ ተኩስ ሆኖ ያልፋል። እንደዚሁ ማታ ጃይ አርሞኒካ ሲነፋ ራዳ ማዶ ካለው ሰገነት ላይ ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች፤ ይህ ደግሞ ጥቁራችሁን የሚፈትን ነው።

«ሾሌይ» ሁለት መጨረሻ አለው። ፊልሙ የወጣው ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ሆና ሳለ ነው፤ ሳንሱሩ ታኩር ጋባርን በገዛ እግሩ ሲገድለው ማየት አልፈለገምና ፖሊስ ደርሶ ሲይዘው የሚያሳይ መጨረሻ ተቀረጸ። ሁለቱም ቅጂ ይገኛል። ፖስተር ከማተማችሁ በፊት የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች አይታችሁ አረጋግጡ፤ አለዚያ የልጅነቱን ፊልም ሊያይ የመጣ ሰው ይጣላችኋል። በዚሁ ምክንያት «ስታር ዋርስ»ን ዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁም። 1977 የታየውና ዛሬ በቀላሉ የምታገኙት አንድ አይደሉም፤ ከ1997 ጀምሮ ተነካክቷል።

ስለ ቅጂ ካነሣን፣ ከድሮ ዲቪዲ ወይም ካሴት የተገለበጠ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ሊሆን ይችላል። ፊልም የሚቀረጸው በ24 ነው። 175 ደቂቃው «ጎድፋዘር» በ168 ደቂቃ ካለቀ ምንም አልተቆረጠም፤ ፈጥኖ ነው የሄደው፤ ድምፁም ቀጠን ይላል። ለሙዚቃ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። ይህ የፍሬም ልዩነት ሰብታይትል ላይ ግን ማንም የሚያየው ጥፋት ያመጣል። ለ25 የተሠራ ሰብታይትል 24ቱ ላይ ሲጫን መጀመሪያ ልክ ይመስላል፤ ከዚያ በየደቂቃው 2.5 ሰከንድ እየቀደመ ሄዶ በአንድ ሰዓቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ቀድሟል፤ ሰው ሳይሞት ለቅሶው ይነበባል። ቪኤልሲ ላይ «ጂ» እና «ኤች» እየመታችሁ ብታዘገዩት ተመልሶ ይሸሻል። መፍትሔው ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ቁጥሩን ከ25 ወደ 23.976 (ፋይሎች ላይ 24 የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው) መለወጥ ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አማርኛ ሰብታይትል የምትሠሩ ከሆነ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ፊደሉንም ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ምረጡ፤ አለዚያ አራት ማዕዘን ሳጥን ይደረደርላችኋል። ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ በመስመር ከ26 ፊደል ገደማ አይለፍ። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ሰብታይትል ላይ ከከፈላችሁት ተመልካቹ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቆያል፤ አሳጥራችሁ በአንዱ ጨርሱት። ነጭ ጽሑፍ ከጥቁር ጠርዝ ጋር። ለ«ባሪ ሊንደን» ነጩን ወደ ቀላል ግራጫ አውርዱት፤ ከሻማው በላይ ማብራት የለበትም። አንድ ቦታ ደግሞ አትተርጉሙ፦ ያንን የምግብ ቤት ጣልያንኛ። ኮፖላ ራሱ ሰብታይትል አላደረገበትም። ማክለስኪ ሳይገባው እንደሚበላው ተመልካቹም ሳይገባው የማይክልን ፊት እንዲያይ ነው የተፈለገው።

ፈቃድን በተመለከተ፦ ለሕዝብ ማሳየት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ ነው) የሚዳኝ ነው፤ በነፃ ስለሆነ አይመለከተንም ማለት አይሠራም። ቀድማችሁ ጨርሱት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። «ኤንተር ዘ ድራገን» መጀመሪያ፤ አጭር ነው፣ ሰፈሩን ሁሉ ያመጣል፣ እናንተም መሣሪያችሁን ትለማመዱበታላችሁ። ከዚያ «ጆውስ»። «ሾሌይ» በበዓል ሰሞን። «ጎድፋዘር» ሰው ለመቀመጥ ከለመደ በኋላ። «ቱኪ ቡኪ»፣ «ምርት» እና «ዘ ኮንቨርሴሽን» ውይይት ያላቸው ምሽቶች ይሁኑ። «ባሪ ሊንደን» ጨለማችሁ አስተማማኝ ሲሆን ብቻ።

ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ከዚያ በፊት ሙቀቱም አይበርድም፣ የበርጫውም ሰው አይነሣም፣ ደጅ ከሆነም ሰማዩ ገና አልጨለመም። «ጎድፋዘር» በ1 ተኩል ጀምሮ፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት ተጨምሮበት፣ 4 ሰዓት ከ40 ያልቃል። ዕረፍቱን ምግብ ቤቱ ተኩስ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ግማሹ ገደማ ነው፣ ሻይ ይዞ የሚያወራበትም ያገኛል። የሕንዱ ፊልም የራሱ ኢንተርቫል አለው፤ እሱን ጠብቁ። ደጅ ስታሳዩ ሸራው በአራቱም ማዕዘንና በጎኖቹ በገመድ ይወጠር፤ ንፋስ ሸራ ሲነፋ ምስሉ ከፎከስ ይወጣል። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሸራ መትከል የሚያምራቸው አሉ። ቦታው ያምራል፤ በበልግና በክረምት ግን አይታሰብ፤ ጎርፉ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው ይመጣል። በእኛ 1998 ሐምሌ መጨረሻ የደረሰውን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳም።

ሙቀትና መብራት ይቀሩናል። ብዙ ፕሮጀክተር ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። መቶ ሰው የተቀመጠበት የቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ግንቦት ላይ እዚያ ይደርሳል፤ ጣሪያው ሥር የተሰቀለ ፕሮጀክተር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያለውን ሙቀት ነው የሚስበው። ዝቅ አድርጉት፤ አየር ማስወጫው ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ የአየር ማጣሪያውን ከየማሳያው በፊት በብሩሽ አራግፉ። የድሬ አቧራ ማጣሪያ ሲደፍን ነው አምፖል የሚያልቀው።

ፕሮግራሙን ወደ ሐረር ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ታልፋለች። ከ1,500 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት ይዞ አይወጣም፤ ብዙ ፕሮጀክተሮች ላይ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ምርጫ ያለው ለዚህ ነው። ሐረር ላይ አብሩት፣ ስትመለሱ አጥፉት። ሲበራ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ፕሮጀክተሩን ከመቀመጫዎቹ ኋላ አርቁ፣ አለዚያ የ«ምርት»ን ፀጥታ ይበላዋል።

መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው አምፖሉ ነው፤ እንደ ጋለ ማራገቢያው ይቆማልና። 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ለፕሮጀክተሩና ለላፕቶፑ ብቻ አድርጉ፤ ስፒከር አትሰኩበት። ፊልም ለመጨረስ አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ፣ በዚያ ውስጥ ወይ ጄኔሬተር ይነሣል ወይ ፕሮጀክተሩ በሥርዓቱ ጠፍቶ ይቀዘቅዛል። ጄኔሬተሩ ከግንቡ ማዶ፣ 30 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ገመዱ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን ገመድ በርቀት ቮልቴጅ ይጥላል፣ ፕሮጀክተሩም እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ኃይሉ ሲመለስ ወዲያው አትሰኩ፤ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይዋዥቃል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ፊልሙንም ከቆመበት አትቀጥሉት፤ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሱና ከዚያ አጫውቱ።